ሁለት ብሎን

ሦስት ደረጃ ወርዶ፣ ከዳቦ ቤቱ ሥር፣
በኤንጋዲን ሸለቆ፣ በረዶው ሲከመር፣
ሥራዬ እግር ማየት ነው፤ ፊት ሌላ ሰው ይመርምር።

አውራ ጣቱ የጎበጠ፣ ተረከዙ የቀጠነ፣
ግራው ከቀኙ ረዝሞ ሃምሳ ዓመት ያላመነ፣
ሁሉም እዚች ዱካ ላይ ካልሲውን እያወለቀ፣
«ልክህ ስንት ነው?» ስለው፣
ሳያስብ ቁጥር ይጠራል፣ ልክ እንዳወቀ።
ልኩንስ ማን አወቀ?

ቱማሽ መጣ በጥር፣ ቅዳሜ ከሰዓት፣
ጥንድ የስኪ ቡቱን ዘቅዝቆ፣
እንደ ገበያ ዶሮ በአንድ እጁ አንጠልጥሎት።
ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጉልበቱ ሁለቴ ተሰፍቷል፤
በወጣትነቱ ተወዳዳሪ ነበር፤ ቁልቁል የወረደበትን ሰዓት
ከነሰከንድ ሽራፊው ዛሬም ይጠራዋል፤
የሚስቱን ልደት ረስቷል።

ከቡቱ ጎን በነጭ ቀለም ተጽፏል፦ መቶ ሠላሳ።
የግትርነት ልክ ነው (ስለ ፕላስቲኩ ነው የማወሳ)፤
ስድሳው ለሕፃን ነው፤ ሰማንያው ገና ወድቆ ለሚነሣ።

«ቅልጥሜን ይበላኛል፤ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፤
ጠቦኛል መሰል» አለ፣ «ይሰፋ እንደሁ በእሳቱ፣ በኃይሉ።»

ገበሩን መዝዤ አወጣሁ፤ ባዶው ቅርፊት ውስጥ አቆምኩት፤
ጣቶቹን ወደፊት ሲገፋ፣ እጄን ከተረከዙ ኋላ ሰደድኩት።
ሁለት ጣት ነው ደንቡ።
ሦስቱ ገብተው ቦታ ተረፋቸው።

«አልጠበበህም፣ ቱማሽ፤ ሰፍቶሃል» አልኩት።
«ለጎኑ ወርድ ብለህ ርዝመት ገዛህ፤
ሲዋኝብህ ጊዜ ዘለበቱን እስከ መጨረሻው ጥርስ ሳብህ፤
በገዛ እጅህ ነው እግርህን ያነቅኸው።»

«ሃያ ዓመት ሙሉ?» አለ።
«ሃያ ዓመት ሙሉ።»

አዲስ ግዛ አላልኩትም።
(ልለው ይገባኝ ነበር፤ የቤት ኪራይ ደርሶብኛል።)
ከተረከዙ ሥር ሽብልቅ ሰደድኩ፤ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ ስፖንጅ ለጠፍኩ፤
በትንሿ ጣት በኩል ቅርፊቱን አግዬ፣ ሁለት ሚሊሜትር ያህል አሳበጥኩ።
ከዚያ ካካቪቴዬን አነሣሁ።
ከገምባሌው ጀርባ ሁለት ሁለት ብሎን አለ፤
የቡቱ አከርካሪ እነሱ ናቸው። አንዱን ሳላላ «ቆይ» አለ።

«ቁጥሩን ትፍቂዋለሽ?»
«የቱን?»
«መቶ ሠላሳውን። የሽቦ ወንበሩን ተሰልፈን ስንጠብቅ
ሰው ዝቅ ብሎ የሚያየው እሱን ነው።»

አልፋቅሁትም።
አራቱን ብሎን አወጣሁና ቁጥሩን በጨርቅ ወለወልኩለት፤
ከመጣበት ይበልጥ አበራሁት።

ቆመ። ወደፊት ዘመም አለ። ፕላስቲኩ እሺ አለው፤
ጉልበቱ ከጣቶቹ አልፎ ሄደ፣ ማንም ሳይከለክለው።
ፊት አላይም ብያለሁ፤
ያን ጊዜ ግን አየሁ።

«እዚህ ሙቀት ውስጥ አትመነው» አልኩት፣
«ፕላስቲክ ብርድ ሲነካው ይደርቃል፤
እኔ ዘንድ ቅቤ የሆነው ላይኛው ጫፍ ድንጋይ ይሆናል።»

መደርደሪያዬ ላይ የመድኃኒት ብልቃጦች አሉ፣
በያንዳንዱ የሰው ስም፣ የሰው ብሎን።
አንዳንዱ መልሺልኝ ብሎ ይመጣል።
ፍሉሪን ከተቀበረ አራት ክረምት ሆነው፤
የሱም እዚያው አሉ፤ አንዱ ትንሽ ዝጓል።

በመጋቢት ተመለሰ ቱማሽ፣ በረዶው ከቀትር በኋላ ሲላላ።
«ቀኙ ተስማምቶኛል፤ ሌላ እግር የተከልሽልኝ ያህል፤
ግራው ግን በዛበት ልስላሴው፣ አፍንጫዬ ሊደፋኝ ይላል።
አንዱን ብቻ መልሺልኝ።»

ብልቃጡን ገለበጥኩ፤ አንዱን መርጬ አጠበቅሁ።
ግራው በአንድ ብሎን ቆመ፣ ቀኙ ያለ ምንም፤
በሁለቱም ጎን ግን መቶ ሠላሳው ያበራል።

መዝገቤን ገለጥኩ፣ እርሳሴን ምራቅ አስነክቼ።
«ልክህ ስንት ነው?»
ቁጥር አልጠራም።
እግሮቹን አየ፣ አንድ በአንድ፣
«ለየትኛው?» አለ።